የትኛውን አስፈሪ መጽሐፍ ልጀምር? ዘጠኝ የዘመናችን ልቦለዶችና መድብሎች በንጽጽር

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመዳችን ሻንጣው ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ይዞላት ሊመጣ ቃል ገብቷል። «አስፈሪ ልቦለድ ነው የምፈልገው። የቱን ልዘዝ?» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ያገኘችው መቶ መቶ መጽሐፍ የሚደረድር ዝርዝር ነው። ሁሉም ምርጥ ነው፤ ሁሉም እንቅልፍ ይነሳል። እንግሊዝኛው ይከብድ አይከብድ፣ ልጅ ይሞትበት አይሞትበት የሚነግራት ግን አጣች።

ያን ጊዜ ለእሷ የጻፍኩትን ማስታወሻ ሰፋ አድርጌ እዚህ አቀርባለሁ። አምስት ልቦለዶችና አራት የአጫጭር ልቦለድ መድብሎች ናቸው። ሁሉም ከ2015 ወዲህ በእንግሊዝኛ ለአንባቢ የቀረቡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ ምኑን እንይ?

«ከሁሉም የሚያስፈራው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። አንዱን ላብ በላብ የሚያደርገው ሌላውን ያስዛጋዋል። እኔ የማያቸው እነዚህን ነው።

የፍርሃቱ ዓይነት። ሙት መንፈስ ነው? የሰው ክፋት ነው? ገላ ላይ የሚደርስ ነገር ነው? ወይስ ምን እየሆነ እንዳለ ሳይገባን የሚያስጨንቅ?

እንግሊዝኛው። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ይሄ ዋና ነገር ነው። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ መጽሐፍ አያስፈራም። ያደክማል እንጂ።

ርዝመቱ። ከሥራ መልስ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚነበብ ነው ወይስ የዓመት እረፍት የሚፈልግ?

የማይቻል ነገር። የልጅ ሞት፣ የእንስሳ ስቃይ፣ በሴት ላይ የሚደርስ ጥቃት። ሁላችንም አንድ የማንችለው ነገር አለን። ቀድሞ ማወቅ መብት ነው።

አጨራረሱ። መልስ ይሰጣል ወይስ ጥያቄውን እንዳንጠለጠለ ይተወናል? ይህን ሳያውቁ ገዝተው የተናደዱ ሰዎች አውቃለሁ።

እኔ ራሴ የምጨምረው አንድ አለ፤ ግፍ። አያቴ ማታ የምታወራልን አስፈሪ ታሪክ ሁሉ ከበስተጀርባው የተበደለ ሰው ነበረው። የተካደ አደራ፣ በሐሰት የተመሰከረበት ጎረቤት፣ ሜዳ ላይ የቀረ ሬሳ። ሙት በከንቱ አይነሳም፤ ደሙ ይጮኻል። ከእነዚህ ዘጠኝ መጻሕፍት ውስጥ ልቤ ውስጥ የቀሩት ግፉን በደንብ ያሳዩኝ ናቸው። ምርጫዬ ወደዚያ ያደላል፤ ይህን እያወቃችሁ አንብቡኝ።

## ልቦለዶቹ

### «አ ሄድ ፉል ኦፍ ጎስትስ»፣ ፖል ትሬምብሌይ፣ 2015

ማርጆሪ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሌሊት እየተነሳች ትናገራለች። እቤት የማይታወቅ ነገር ታወራለች። አባቷ ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤ ገንዘብ አልቋል። ሐኪም አላዳናትም። አባትየው ወደ ካቶሊክ ቄስ ይሄዳል። ቀጥሎ የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ። ቤተሰቡ ይከፈለዋል፤ ካሜራው ቤት ውስጥ ይተከላል። ታሪኩን የምትነግረን ታናሽ እህቷ ሜሪ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ እያስታወሰች ነው።

ይህን ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። ሰይጣን ሲለፈልፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ማይክ ተደቅኖባት የምትጮህ ልጅ ሁላችንም አይተናል። እኔ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲገጥመኝ ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ ወደቆሙት ቤተሰቦቿ ነው። እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ታናሽ ወንድሟ አንዴ እህቱን፣ አንዴ ካሜራውን ያያል። ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምን ይሉት ይሆን? ይህ መጽሐፍ የዚያ ልጅ መጽሐፍ ነው።

ልጅቷ ታማለች ወይስ ተይዛለች? ደራሲው አይፈርድም። ለሁለቱም ማስረጃ ያቀርባል። ለዚህ ነው ለእኔ ከዘጠኙ አንደኛ የሆነው። ለአስፈሪ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የብራም ስቶከር ሽልማት፣ የ2015ን፣ በልቦለድ ዘርፍ ወስዷል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ አብዛኛው በሕፃን ዓይን የታየ ስለሆነ። ገጹ ወደ 300 ነው። መጨረሻው ግን ይጎዳል። ቤቱ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ቢያቆየው ይሻለዋል።

### «ዘ ኦንሊ ጉድ ኢንዲያንስ»፣ ስቲቨን ግራሃም ጆንስ፣ 2020

አራት ጓደኛሞች ናቸው፤ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የብላክፊት ሕዝብ ተወላጆች። ደራሲውም ከዚያው ሕዝብ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ለሽማግሌዎች ብቻ በተከለለ መሬት ላይ አድነዋል። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በመንጋው ላይ እየተኮሱ ፈጁት። አንዷ እንስት አልሞት አለች። ሉዊስ ደጋግሞ ተኮሰባት። እርጉዝ መሆኗን ያወቀው ሆዷን ሲከፍት ነው።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ሉዊስ ቤቱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት ይጠግናል። ኮርኒሱ ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። በሚሽከረከረው ማራገቢያ መሃል ቁልቁል ሲያይ ያቺ አጋዘን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ጎን ለጎን ሲያይ የለችም። በማራገቢያው በኩል ብቻ ነው የምትታየው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማራገቢያ በተሰቀለበት ክፍል ስገባ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

የ2020ን የብራም ስቶከርና የሸርሊ ጃክሰን ሽልማቶች በልቦለድ ዘርፍ ሁለቱንም አሸንፏል። ሆኖም ለጀማሪ አልመክርም። ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ሰፈር ወሬ የተለቀቁ ናቸው፤ በአራዳ ቋንቋ የተሞሉ። ማን እንደሚናገር ለማወቅ ተመልሼ ያነበብኩት ገጽ ብዙ ነው። ውሻም ይሞታል፤ በከባዱ። የመጨረሻው ክፍል ግን፣ የቅርጫት ኳስ የምትጫወተው ልጅ የምትገባበት፣ ድካሙን ይክሳል።

### «ዘ ሪፎርማቶሪ»፣ ታናናሪቭ ዱ፣ 2023

ፍሎሪዳ፣ 1950። ሮበርት አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥቁር ነው። እህቱን የሚያስቸግር የነጭ ባለጸጋ ልጅ በእርግጫ ይመታል። ለዚህ ስድስት ወር ተፈርዶበት ማረሚያ ትምህርት ቤት ይገባል። ሮበርት ሙታንን ያያል። እዚያ ግቢ ደግሞ የሚታዩት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ልጆች።

ይህ ከደራሲዋ ቤት የወጣ ታሪክ ነው። ፍሎሪዳ ማሪያና ከተማ ውስጥ ዶዚየር የሚባል የወንዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት ነበር። በ1900 ተከፍቶ በ2011 ተዘጋ። የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግቢውን ቆፍረው 55 መቃብሮች አገኙ። የደራሲዋ አያት ወንድም ሮበርት ስቲቨንስ በ1937 እዚያ ሞቷል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ዱ ስሙን ለዋና ገጸ ባሕርይዋ ሰጠችው።

መንፈሶቹ ያስፈራሉ። ከእነሱ በላይ የሚያስፈራው ግን የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በእርጋታ ሲናገር ነው። ልጅ ላይ የሚደርስ ግርፋትና ጥቃት ስላለበት ወላጆች ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ወደ 570 ገጽ ይደርሳል፤ ግን ይሮጣል። እንግሊዝኛው ግልጽ ነው። ውጭ ስትቀር ወንድሟን ለማስፈታት የምትሯሯጠውን እህቱን ግሎሪያን ያልወደደ ሰው ገና አላገኘሁም። የብራም ስቶከርን፣ የሸርሊ ጃክሰንንና የወርልድ ፋንታሲን ሽልማት ሁሉ ወስዷል።

ለእኛ ሌላ ምክንያትም አለን። ዱ በ1997 ባሳተመችው «ማይ ሶል ቱ ኪፕ» ውስጥ ያለው ሰው ዳዊት ይባላል፤ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሞት አያውቀውም። ማያሚ ውስጥ ዴቪድ ተብሎ ከጋዜጠኛ ሚስቱ ጋር ይኖራል። የማይሞቱት ወንድሞቹ መኖሪያ ላሊበላ ነው። ቆየት ስላለ በንጽጽሩ አላስገባሁትም፤ የዱን አጻጻፍ የወደደ ሰው ግን ቀጥሎ ሊፈልገው ይገባል።

### «ሜክሲካን ጎቲክ»፣ ሲልቪያ ሞሬኖ-ጋርሲያ፣ 2020

ኖኤሚ የሜክሲኮ ሲቲ ሽቅርቅር ወጣት ናት። ያገባችው የአጎቷ ልጅ «ባሌ እየመረዘኝ ነው» የሚል ደብዳቤ ትልካለች። ኖኤሚ ተራራ ላይ ወዳለው የእንግሊዛውያን ቤት ትሄዳለች፤ በብር ማዕድን የከበሩ ሰዎች ቤት። ግድግዳው ሻግቷል። ሻጋታው ይንቀሳቀሳል።

ከልቦለዶቹ ሁሉ ለመግባት የሚቀለው ይሄ ነው። ቋንቋው ንጹሕ ነው፣ ፍቅር አለበት፣ መጨረሻው መልስ ይሰጣል። እስከ ግማሹ ድረስ ዝግ ይላል። ትዕግሥት ለሌለው አይሆንም።

### «ፊቨር ድሪም»፣ ሳማንታ ሽዌብሊን፣ በእንግሊዝኛ 2017

አርጀንቲናዊት ናት። መጽሐፉ ከ200 ገጽ በታች ነው፤ በአንድ ማታ ያልቃል። አንዲት እናት ክሊኒክ ውስጥ በጨለማ ተኝታለች። አጠገቧ የሌላ ሴት ልጅ የሆነ ሕፃን ተቀምጦ ይጠይቃታል። እሷ ትመልሳለች። መጽሐፉ በሙሉ ይሄ ንግግር ነው።

እናትየው ሁልጊዜ አንድ ነገር ታሰላለች። ልጄ አሁን አንድ ነገር ብትሆን ስንት እርምጃ ሮጬ እደርስባታለሁ? በእሷና በልጇ መካከል የማይታይ ገመድ አለ። ገመዱ ሲላላና ሲወጠር ሆዷ ይነግራታል። መርካቶ ውስጥ የልጇን እጅ ይዛ የሄደች እናት ይህን ገመድ ታውቀዋለች። አደጋው ግን ከዓይን ፊት አይደለም። የሚያምረው የአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ ነው፤ ውኃው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ባለው ጤዛ ውስጥ። ስለ እርሻ ኬሚካል እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር አንብቤ አላውቅም።

ቃሉ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ያምታታል። ግልጽ መልስ ለሚፈልግ አይሆንም። ለነፍሰ ጡርና ለአራስም አልመክርም።

## መድብሎቹ

ጊዜ ለሌለው ሰው መድብል ይሻላል። አንዱ ታሪክ ባይጥም ሌላው አለ። እንግሊዝኛን እያዳበረ ለሚያነብም እንደዚያው፤ አሥራ አምስት ገጽ ጨርሶ መዝጋት ራሱ ደስታ ነው።

«ከርስድ በኒ»፣ ቦራ ቹንግ፣ በእንግሊዝኛ 2021። ደቡብ ኮሪያዊት ናት፤ አሥር ታሪኮች አሉት። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎሙ መጻሕፍት በሚሰጠው የኢንተርናሽናል ቡከር ሽልማት በ2022 ከመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ነበር። የርዕሱን ታሪክ ላውራችሁ። አንድ አያት ለልጅ ልጁ ይተርካል። ሥራቸው የእርግማን ዕቃ መሥራት ነው። አያትየው ጓደኛ ነበረው፤ ቤተሰቡ ጥሩ መጠጥ ይጠምቃል። አንድ ትልቅ ኩባንያ «መጠጣቸው ውስጥ የፋብሪካ አልኮል አለ» ብሎ ወሬ ነዛ። ቤቱ ፈረሰ። ፍርድ ቤትም አልረዳቸው። አያትየው በጥንቸል ቅርጽ የተሠራ የሚያምር መብራት ሠራ። መብራቱ የባለጸጋው ድርጅት ገባ። ጥንቸሏ መጀመሪያ ወረቀት መብላት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ወረቀት ብቻ አልበቃትም።

አያቴ ብትሰማው «አበጀ!» ትል ነበር። ደራሲዋ ግን በቀሉን ካጣጣምን በኋላ ቀስ ብላ ሌላ ነገር ታሳየናለች፤ ማን ከፈለ? ሕፃንም ከፍሏል። ቋንቋው ከዘጠኙ ሁሉ ቀላሉ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚከሰት ስለሆነ የሚጠየፍ ሰው ከሁለተኛው ይጀምር፤ ምንም አይጎድልበትም።

«ቲንግስ ዊ ሎስት ኢን ዘ ፋየር»፣ ማሪያና ኤንሪኬዝ፣ በእንግሊዝኛ 2017። እንደ ሽዌብሊን አርጀንቲናዊት ናት፤ ሁለቱንም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሜጋን ማክዳውል ናት። አሥራ ሁለት ታሪኮች አሉት። በመጀመሪያው አንዲት ሴት ቦነስ አይረስ ውስጥ በቤተሰቧ አሮጌ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ፊት ለፊቷ ጎዳና ላይ ሱሰኛ እናትና ትንሽ ልጅ ያድራሉ። አንድ ማታ ልጁ በሯን ያንኳኳል። አይስክሬም ትገዛለታለች። ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው ሰፈር የሕፃን አስከሬን ይገኛል። የቱ ልጅ ነው? ስሙን እንኳ አልጠየቀችውም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ከመኪና መስኮት የምናልፋቸውን ልጆች ሳላስብ ይህን ታሪክ ማንበብ አልቻልኩም። የርዕሱ ታሪክ ደግሞ ወንዶች ስለሚያቃጥሏቸው ሴቶች ነው። ከባድ ነው፤ በእርግጥ ከባድ። ከመድብሎቹ ለእኔ ትልቁ ግን ይሄ ነው።

«ኸር ቦዲ ኤንድ አዘር ፓርቲስ»፣ ካርመን ማሪያ ማቻዶ፣ 2017። ስምንት ታሪኮች። አንገቷ ላይ አረንጓዴ ሪባን ያሰረች ሴት አለች፤ ባሏ ሊፈታው ይፈልጋል። እሷ ሁሉን ሰጥታዋለች፤ ይሄን ብቻ ተወኝ ትለዋለች። ይሄ አንዱ ታሪክ ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል። ለአዋቂ ብቻ ነው፤ ወሲብ በግልጽ አለበት። እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ረጅሙ ታሪክ ደግሞ እኔን አሰልችቶኛል።

«አውት ዜር ስክሪሚንግ»፣ አዘጋጆች ጆርዳን ፒልና ጆን ጆሴፍ አዳምስ፣ 2023። ፒል «ጌት አውት» የሚለውን ፊልም የሠራው ነው። አሥራ ዘጠኝ ጥቁር ጸሐፊዎች አንዳንድ ታሪክ አላቸው፤ ታናናሪቭ ዱም አለችበት። እንደማንኛውም የብዙዎች መድብል ደካማም ጠንካራም አለው። ዋና ጥቅሙ ማንን እንደምትወዱ ማወቂያ መሆኑ ነው።

## ባጭሩ

| መጽሐፍ | የፍርሃቱ ዓይነት | እንግሊዝኛው | ርዝመት | አጨራረስ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| አ ሄድ ፉል ኦፍ ጎስትስ | መንፈስ ወይስ ሕመም | ቀላል | መካከለኛ | አንጠልጥሎ ይተዋል | የአእምሮ ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት |
| ዘ ኦንሊ ጉድ ኢንዲያንስ | በቀል፣ ደም | ከባድ | መካከለኛ | ይዘጋል | የእንስሳ ሞት |
| ዘ ሪፎርማቶሪ | ሙታንና የሰው ክፋት | ግልጽ | ረጅም | ይዘጋል | በልጅ ላይ ጥቃት |
| ሜክሲካን ጎቲክ | ክፉ ቤት | ቀላል | መካከለኛ | ይዘጋል | በሴት ላይ ጥቃት |
| ፊቨር ድሪም | ጭንቀት | ቃሉ ቀላል፣ ነገሩ ውስብስብ | አጭር | አንጠልጥሎ ይተዋል | የታመመ ልጅ |
| ከርስድ በኒ | እርግማን፣ ገላ | በጣም ቀላል | አጭር ታሪኮች | ይለያያል | የሚያስጠይፍ |
| ቲንግስ ዊ ሎስት ኢን ዘ ፋየር | የከተማ ግፍ | ግልጽ | አጭር ታሪኮች | ብዙው ክፍት | ልጅ፣ የተቃጠለ ገላ |
| ኸር ቦዲ ኤንድ አዘር ፓርቲስ | ገላ፣ ትዳር | ከባድ | አጭር ታሪኮች | ክፍት | ለአዋቂ ብቻ |
| አውት ዜር ስክሪሚንግ | ሁሉም | የተለያየ | አጭር ታሪኮች | ይለያያል | የተለያየ |

## ለማን የቱ?

በእንግሊዝኛ ልቦለድ አንብቦ የማያውቅ ሰው ከ«ከርስድ በኒ» ይጀምር። ሁለተኛው «ሜክሲካን ጎቲክ» ይሁን። ልቡ የጠነከረ፣ ብዙ ያነበበ ሰው በቀጥታ ወደ ኤንሪኬዝና ወደ ጆንስ ይግባ። በታሪክ መጽሐፍ በኩል የመጣ አንባቢ «ዘ ሪፎርማቶሪ»ን አይለፈው። የመጽሐፍ ክበብ ያላችሁ ደግሞ «አ ሄድ ፉል ኦፍ ጎስትስ»ን ምረጡ። ለሁለት ተከፍላችሁ ትከራከራላችሁ፤ ቡናው ሦስት ዙር ይፈላል።

አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ላለው ልጅ የምትገዙ ከሆነ ከዘጠኙ አንዱንም ሳታነቡ አትስጡ። ማቻዶን ደግሞ ጭራሹኑ አቆዩለት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መድብል ይግዛ። በአንድ ዋጋ አሥር ታሪክ ያገኛል፤ ተመልሶም ያነበዋል። በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ ለስላሳ ሽፋን ያለውን እዘዙ፤ ይረክሳል፣ ሻንጣም አያከብድም። «ዘ ሪፎርማቶሪ»ን ግን በሰው ሻንጣ ከማስያዝ በስልክ ማንበብ ይቀላል። ኪንድል የሚባለው አፕ በነፃ ይጫናል፤ ከመክፈል በፊት የመጽሐፉን መጀመሪያ ያስነብባል። እንግሊዝኛው ለእናንተ ይሆን አይሆን እዚያ ላይ ታዩታላችሁ። እኔ ናሙና ሳላነብ መግዛት ትቻለሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ምንም መክፈል አይጠበቅባችሁም። የአካባቢያችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡና ሊቢ የሚለውን አፕ ጫኑ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ካለው መጽሐፉንም ትረካውንም በስልክ ያውሳችኋል። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ትረካው በጣም ይስማማል። የማቻዶን የሪባን ታሪክ ብቻ ለመቅመስ የሚፈልግ ደግሞ ግራንታ የተባለው መጽሔት በ2014 አውጥቶት ስለነበር በድረ ገጹ ላይ ይፈልገው።

የአክስቴ ልጅ «ከርስድ በኒ»ንና «አ ሄድ ፉል ኦፍ ጎስትስ»ን አዘዘች። ጥንቸሏን በሁለት ቀን ጨረሰች። ሁለተኛውን ማታ ማታ ለእናቷ በአማርኛ እየመለሰች ታነብላት ጀመር። አክስቴ መሃል ላይ ታስቆማታለች፤ «ልጅቷን ጠበል የሚወስዳት ሰው ጠፋ?» እያለች። ካሜራዎቹ ቤት የሚገቡበት ቦታ ሲደርሱ «ዝጊው» አለቻት። በማግስቱ እራት እንደተነሳ ግን ራሷ ብርድ ልብሷን ይዛ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?»